ጫፉ የሚሰበር ፉጨት

ከወንድሜ ጃኬት ኪስ ስፌት ውስጥ የተሰገሰጉትን የማሽላ ፍሬዎች በጥፍሬ አንድ በአንድ እያወጣሁ ነበር። ዘጠኝ ደርሻለሁ። ዐሥረኛው ከክሩ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለኝ። ከፊቴ ሃያ ሦስት ሰው ተሰልፏል። ከኋላዬ ስንት እንዳለ ዞሬ አላየሁም።

የካርቱን ወዳጆች የተሰበሰቡበት አዳራሽ ሞልቷል። የወረቀት ክንፍ ያሰሩ ልጆች፣ ፀጉራቸውን ሰማያዊ የቀቡ ሴቶች፣ በልጅነታቸው የወደዱትን የካርቱን ሰው መስለው ለብሰው የመጡ ጎልማሶች። ከኋላዬ የቆመው ወጣት የካርቶን ጎራዴ ይዟል፤ በተራመድን ቁጥር ጀርባዬን ይነካኛል።

«ይቅርታ እህቴ፣ ጎራዴው ነው።»

«ምንም አይደለም» አልኩት ለአራተኛ ጊዜ።

ሰልፉ መጨረሻ ላይ ባለው ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ሲት ወዳድ ናት፣ እመቤት ወዳድ እንደ ማለት፤ በሚበርር ጀልባ ዓለምን የሚዞረው የካርቱኑ ልጅ፣ የዘይን ድምጽ። አጠገቧ ያለው ኡስታዝ ነዚህ ነው፤ የዘይን ጠላት የሆነው የባሕር ወንበዴ ድምጽ። በዐማን የኔ ዕድሜ ሰው የመጽሐፍ ዐረብኛን የተማረው ከአስተማሪ ሳይሆን ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አፍ ነው።

ትኬቱን የገዛሁት ከወር በፊት ነው። ዛሬ ግን ልቤ እዚህ አልነበረም፤ ጀበል ጆፈህ ኮረብታ ላይ፣ ቤታችን ጣሪያ ላይ፣ ሁለት እንቁላሎች ላይ ነበር።

እርግቦቹ የወንድሜ የሙኒፍ ናቸው። ለሥራ ዶሃ ሲሄድ ለእኔ ተዋቸው። ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥታ እርግብ ስታበርር ሰፈሩ ምን እንደሚል ስለማውቅ፣ የምወጣው የእሱን ጃኬትና ኮፍያ አድርጌ ነው። ከሩቅ የሚያየኝ ሙኒፍ አልሄደም ይላል።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አውራው ሊታቀፍ ሲገባ ሴቲቱ፣ ፊዳ፣ ክንፏን ልታፍታታ ወጣች። እኔም መንጋውን ለቀቅኩ። ስህተቴ ይህ ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ ጀበል ታጅ ላይ፣ ቢጫ ጨርቅ የሚውለበለብበት ጣሪያ መንጋውን ቀድሞ አስነስቶ ነበር። ሁለቱ መንጋዎች ሰማይ ላይ ተቀላቀሉ። ከማዶ ፉጨት መጣ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ረጅሙ ጫፉ ላይ የሚሰበር። መንጋዎቹ ሲለያዩ ፊዳ ከእነሱ ጋር ወረደች።

እርግብ እንቁላሏን በፈረቃ ነው የምትታቀፈው። ቀን አውራው ይታቀፋል። ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ተራው የሷ ነው። አውራው ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል፤ ተኪ መጣ አልመጣ ግድ የለውም። ዛሬ አሥራ ሰባተኛው ቀን ነው፤ ጫጩቶቹ ቅርፊቱ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀምረዋል። የመጋቢት ሌሊት ለአንድ ሰዓት እንኳ አይምራቸውም። አምፖል ሥር ማድረግ ሞክሬ አውቃለሁ፣ አንድም አልተረፈልኝ። አውራውም አርጅቷል። ከእነዚህ በኋላ ከሱ ዘር ሌላ አይመጣም።

በዕርቅ ላይ ባሉ ጣሪያዎች መካከል የተያዘ እርግብ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይመለሳል። በጦርነት ላይ ባሉት መካከል ግን አይመለስም፤ ዓርብ ገበያ ይወጣል። ነገ ዓርብ ነው። እኛና ባለ ቢጫው ጨርቅ ሁለት ዓመት ጦርነት ላይ ነን።

ጦርነቱ የተጀመረው በሱልጣን ነው። ሱልጣን የእነሱ አውራ ነበር፤ ወደኛ ወረደና ሙኒፍ ያዘው። አቡ ተይሲር የሚባል ሽማግሌ መጥቶ በራችንን አንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሙኒፍ ከውስጥ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ እኔም «ወላሂ ምንም እርግብ አልመጣብንም» ብዬ ማልኩ። ሱልጣን ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ርቆ ሳጥን ውስጥ ነበር። በዚያው ሳምንት ተሸጠ።

ዛሬ በስድስት ሰዓት ሸለቆውን ተሻግሬ የአቡ ተይሲርን በር አንኳኳሁ። ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየኝና «ወላሂ ምንም እርግብ አልመጣብንም» አለኝ። ቃል በቃል። የእርግብ አብራሪ ምስክርነት ዳኛ ፊት አይቆምም የሚባለው በከንቱ አይደለም። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ አላወቅሁም። ትኬቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ መጣሁ።

«ለአንድ ሰው አርባ ሰከንድ!» ትጮኻለች ባጅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ሰልፍ አስከባሪ፣ ሊን። «ፊርማ፣ ፎቶ፣ ቀጣይ! ወሬ የለም!»

«ቀጣዩ ምርኮኛ ይቅረብ!» አለ ኡስታዝ ነዚህ በወንበዴው ድምጽ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

አንድ አባት ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ፊት ደረሰ።

«ሲት ወዳድ፣ ለልጄ አንዴ ብቻ፣ የጀልባዋን ፉጨት።»

«ጥርሴ እንደ ድሮው አይደለም እኮ ወንድሜ።»

«ግድ የለም፣ ለልጅ ነው።»

ሲት ወዳድ ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና አፏጨች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሁላችንም በልጅነታችን ስናስመስለው ያደግነው ፉጨት ነው። በካርቱኑ ውስጥ ግን ረጅሙ እስከ መጨረሻው ጥርት ያለ ነው። ይሄኛው ጫፉ ላይ ተሰበረ።

ዐሥረኛው ማሽላ ከጣቴ አምልጦ ወደቀ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ስብራት ከማዶ ስሰማ ኖሬአለሁ። አቡ ተይሲር ዘይንን ያስመስላል እያልኩ እስቅ ነበር። ሰውዬው ምንም አያስመስልም። ጣሪያው የሷ ነው፣ ሽማግሌው ጠባቂዋ ይሆናል፤ ጠዋት ፊዳን ያወረደቻት እሷ ናት።

ስልኬን አየሁ። ዘጠኝ ተኩል። ከዚህ ጀበል ታጅ፣ ከዚያ ቤታችን፣ በሐሙስ መንገድ ሰዓት ይፈጃል። ከፊቴ ስምንት ሰው አለ። ባልመጣ ኖሮ አላገኛትም ነበር። መጥቼ ደግሞ አርባ ሰከንድ ነው ያለኝ፤ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ምን ይባላል? ሳልናገር ተፈርሞልኝ ብሄድ ነገ ጠዋት ፊዳ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ማን እንደሆንኩ ከነገርኳት ደግሞ የሱልጣን ሌባ ራሷ በእግሯ መጣች ማለት ነው።

ሰባት። አምስት። አንድ ባልና ሚስት ረጅም ፎቶ ተነሱ። ሦስት።

«እህቴ፣ ቆመሽ አደርሽ እንዴ? ሂጂ እንጂ!» አለኝ ባለ ጎራዴው።

ጠረጴዛው ፊት ነኝ። ሲት ወዳድ ቀና ሳትል ፎቶዋን ሳበች፣ እስክሪብቶውን አነሳች።

«ማን ልበል የኔ ልጅ?»

«ኑሃ።»

«ኑሃ... የሚያምር ስም።» መጻፍ ጀመረች። በሹራቧ እጅጌ ላይ ትንሽ አመድማ ላባ ተጣብቆ ነበር። ያ ላባ ባይኖር አፌ የሚከፈት አይመስለኝም።

«ሲት ወዳድ፣ ዛሬ ጠዋት አንዲት እርግብ መጥታብዎታለች። አመድማ ናት፣ ጅራቷ ነጭ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ ሳቀች፤ የመድረክ ሳቅ።

«እርግብ? እኔ? ድመት እንኳ አላሳድግም የኔ ልጅ።»

«ባል እንኳ ማሳደግ አልቻለችም» አለ ኡስታዝ ነዚህ።

«አንተ ዝም በል።» ወደኔ ዞረች። ዓይኗ አይስቅም። «ወላሂ ምንም እርግብ አልመጣብንም።»

እርግብ የማያውቅ ሰው ቢሆን የምን እርግብ ብሎ ይጠይቃል እንጂ እንዲህ አይምልም። ይህ መሐላ የኛ ነው።

«አርባ ሰከንድሽ አልቋል እህቴ» አለች ሊን፣ ክንዴን ይዛ።

«ይህን መሐላ አውቀዋለሁ» አልኩ። ድምጼ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «ከሁለት ዓመት በፊት ጆፈህ ላይ፣ በራችን ላይ ቆሜ ለአቡ ተይሲር የማልኩት እኔ ነኝ። ሱልጣን ከኋላዬ ሳጥን ውስጥ ነበር።»

ሲት ወዳድ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመች። ቀስ ብላ ነው የገጠመችው።

«ልቀቂያት ሊን።»

«ሲት ወዳድ፣ ከኋላዋ ሁለት መቶ ሰው...»

«ልቀቂያት አልኩሽ።» ከዚያ ለእኔ፣ ዝቅ ባለ ድምጽ፦ «ሱልጣን የት ነው?»

«ዓርብ ገበያ ተሸጠ። ለማን እንደሆነ አላውቅም።»

«ሰባት ዓመት ከእጄ በልቷል። ሰባት ዓመት! አቡ ተይሲር ዓርብ ዓርብ ገበያውን ሲዞር ከረመ። አንቺ ደግሞ ዛሬ መጣሽ፣ በኔ እጅ ያለችውን ፍለጋ።»

«አዎ።»

«ጦርነት ነው። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንቁላል ላይ ናት።»

ከኋላዬ ያለው ባለ ጎራዴ «ዘመዷ ናት እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ሌላ ሰው አፏጨ። ሲት ወዳድ ማንንም አልሰማችም።

«ስንተኛ ቀኗ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ሰባት!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «አሥራ ሰባተኛ ቀኗ ላይ ያለች ትለቀቃለች? አንቺ ጅል!»

ይህ የዘይንም፣ የመድረኳ ሴትዮም ድምጽ አልነበረም። የጣሪያ ድምጽ ነበር፤ በንፋስ ላይ መጮህ የለመደ።

«አውራው ገብቶ ነበር። እሷ ክንፏን ልታፍታታ ወጣች።»

«የኔ መንጋ ሰማይ ላይ እያለ?»

«ስህተት ነው። ቀና ብዬ አላየሁም።»

«አውራሽ ስንት ሰዓት ይነሳል?»

«አሥራ አንድ። አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም።»

«የኔዎቹም እንደ መንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ውልቅ!» ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፈገግታዋን ዋጠችው። ሰዓቷን አየች። አሥር ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። «ወንድምሽ ለምን አልመጣም? ኮፍያ የሚያደርገው ልጅ?»

«ወንድሜ ዶሃ ነው። ባለ ኮፍያው እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጃኬቱን፣ የተተረተረውን ኪስ፣ ጥፍሬ ሥር የተሸጎጠውን ትቢያ። የሰው ዓይን ሲያርፍብኝ መሬት ነው የማየው፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ለአቡ ተይሲር ስለው ነበር» አለች። «ያ የጆፈህ ልጅ ተለውጧል፣ እርግቦቹ ላይ ዘንግ መወርወር ትቷል፣ ጠዋት ጠዋት ሳይጮህ ነው የሚያስነሳቸው፣ እጁ ለስልሷል እለው ነበር። የፍቅር ነገር ይሆናል አለኝ።»

«እኔ ደግሞ አቡ ተይሲር ዘይንን ያስመስላል እል ነበር።»

በዚህ ጊዜ የሳቀችው ሳቅ እውነተኛ ነበር፤ አጭር፣ በአፍንጫ የሚወጣ።

«ሠላሳ ዓመት ወንድ ልጅ ሆኜ አወራሁ። ጣሪያ ላይ ስወጣ ደግሞ ለሰፈሩ አቡ ተይሲር ነኝ። ሰፈር የሚለውን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ስለ ምንድን ነው የምታወሩት እናንተ?» አለ ኡስታዝ ነዚህ። «እኔ ብቻዬን ለሁለት መቶ ሰው ልፈርም ነው?»

ሲት ወዳድ ሹራቧ ላይ ያለውን ላባ አሁን ገና አየችው፤ በሁለት ጣቷ አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለታችን መካከል አስቀመጠችው።

«ባትነግሪኝ ኖሮ አልሰጥሽም ነበር» አለች። «ሱልጣንን ደብቀሽ ስለ እንቁላል ብቻ ብታለቅሺ ኖሮ፣ ነገ በገዛ እጄ ነበር ገበያ የምወስዳት። ዕርቅ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ዕርቅ ምስክር ይፈልጋል። ምስክሩም ከኛ ወገን መሆን የለበትም፣ እኛ ውሸታሞች ነን። ነዚህ! እርግብ አሳድገህ ታውቃለህ?»

«በልቼ አውቃለሁ። በሩዝ ታጭቃ።»

«ይበቃል። ስማና መስክር። ከሁለቱ ጫጩት አንዱ የኔ ነው፣ በሱልጣን ፈንታ። አድጎ ራሱን ሲችል ታመጪልኛለሽ።»

«እሺ።»

«የቱን እንደምትሰጪኝ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። መጥቼ አላይም፣ አልጠይቅም።»

«እሺ።»

እጇን ዘረጋች። ከአውራ ጣቷ ሥር ትኩስ የጥፍር ጭረት ነበር፤ ፊዳ በማትወደው ሰው ስትያዝ የምታደርገው ነገር ነው። ጨበጥኳት። ኡስታዝ ነዚህ ብድግ ብሎ እጁን በእጃችን ላይ አሳረፈ፣ በወንበዴውም ድምጽ «ሰማሁ! ቃሉን የበላ ለዓሣ ይሰጣል!» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው ትርኢት መስሎት አጨበጨበ።

ሲት ወዳድ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ደግማ ደወለች።

«ጣሪያ ላይ ስልክ አይዝም፣ እርግቦቹ ይደነግጡብኛል ይላል። ወረቀት ብጽፍልሽ አያምንም፤ ማንም ሊጽፍ ይችላል ነው የሚለው። ስልክሽን አምጪ።»

መቅረጫውን ከፍቼ አቀበልኳት። አፏን አስጠግታ ተናገረች።

«አቡ ተይሲር፣ እኔ ነኝ። ጠዋት ያወረድናትን ነጭ ጅራት ለዚህች ልጅ ስጣት። አዎ፣ የጆፈህዋ ናት። አዎ፣ የሱልጣን ጉዳይ ነው፣ አውቄአለሁ። ታርቀናል። አትከራከር፣ እንቁላል ላይ ናት።» ቆም አለች። «ድምጽ የሚያስመስል ብዙ ነው ትላለህ። እንካ።» ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አፏጨች። አዳራሹ እንደገና አጨበጨበ።

«ሩጪ» አለችኝ።

ፎቶዬን ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ሮጥኩ።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ዐማን ውስጥ መኪና የማይነዳ ሰው የለም። የታክሲው ሾፌር በመስተዋቱ ደጋግሞ አየኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሆስፒታል ነው እንዴ?»

«እንደሱ ያለ ነው አባባ።»

«ማን ታመመ?»

«ገና አልተወለዱም።»

ከዚያ በኋላ እጁን ከጥሩምባው ላይ ሳያነሳ ነዳ። ጀበል ታጅ ስንደርስ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ነበር። እንዲጠብቀኝ ለምኜው ደረጃውን ወጣሁ።

አቡ ተይሲር በሩን እንደ ቀድሞው ገርበብ አድርጎ ከፈተ። ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት። ሰማ። መልሶ ሰማ። ፉጨቱ ጫፉ ላይ ሲሰበር ዓይኑን ጨፈነ።

«ሱልጣንን የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ» አለ።

«አዎ አባባ።»

«ማልሽልኝ እኮ።»

«አዎ።»

«እኔም ዛሬ ማልኩልሽ።» ጺሙን አከከ። «በይ እዚሁ ቁሚ፣ ውስጥ አትግቢ። ታርቀናል አለች እንጂ ተፋቅረናል አላለችም።»

ፊዳን በጫማ ካርቶን ይዟት መጣ። የቀኝ ክንፏ ላባዎች እንዳትበር በክር ታስረዋል። ክሩን በጥርሱ በጥሶ ሰጠኝ። ልቧ በመዳፌ ላይ ይደልቃል።

ቤታችን ስደርስ ሰዓቱን ላለማየት ብሞክርም አየሁት፤ አሥራ አንድ ከሩብ። ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣሁ። አውራው ቆጡ ጫፍ ላይ ቆሞ ክንፉን ያሰማምራል። ሥራው አልቋል። ጎጆው ውስጥ ሁለቱ እንቁላሎች ባዶ አየር ላይ ናቸው።

ካርቶኑን መሬት አስቀምጬ የመጀመሪያውን አነሳሁ። ለብ ብሏል፣ አልበረደም። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ዝም። ትንሽ ጠበቅሁ። ዝም። ሁለተኛውን አነሳሁ። ከሰፊው ጫፍ በታች ቅርፊቱ በትንሹ ተሰንጥቋል፣ ከውስጥ የሆነ ነገር ደጋግሞ ይነካካዋል፤ ቆም ይላል፣ እንደገና ይነካካዋል።

መጥቼ አላይም ብላኛለች። ሸለቆው ማዶ ቢጫው ጨርቅ ወርዷል፤ ጣሪያው ላይ ማንም የለም። የእንቁላሎቹን ቀን የምጽፍበት እርሳስ በምስማር ላይ በተሰቀለ ጣሳ ውስጥ ነው። አወጣሁት። ዝም ያለውን እንቁላል አየሁት። የሚነካካውን አየሁት። ሙኒፍ ቢሆን የቱን ለሷ እንደሚሰጥ አውቃለሁ።

በሚነካካው ላይ፣ ከስንጥቁ ራቅ አድርጌ፣ አንዲት ነጥብ አኖርኩ፤ የሲት ወዳድ ድርሻ ይህ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ወደ ጎጆው መለስኩና ካርቶኑን ከፈትኩ። ፊዳ አንገቷን አውጥታ ግራ ቀኝ አየች፣ ገባች፣ እንቁላሎቹን በምንቃሯ ወደ ራሷ ስባ ሆዷን አሳረፈችባቸው። እርሳሱን ጣሳው ውስጥ መለስኩት።